ጧሪዎችም ይዝላሉ
ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ጧሪ ቀባሪ ስላጡ አረጋውያን በለመንናችሁ ጊዜ ሁሉ ስጦታችሁ ብርድ ልብስ፣ ምግብና መድኃኒት ሆኖ ሲደርሳቸው አይተናል። ዛሬ ግን አጥበው ስለሚያለብሷቸው፣ አጉርሰው ስለሚያስተኟቸው ሠራተኞች ልንነግራችሁ እንወዳለን።

ሥራው ከባድ ነው። ከአልጋ መነሣት የማይችል አረጋዊ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየ2 ሰዓቱ ገደማ ይገላበጣል፤ ሌሊትም ቢሆን። ይህን ሁለት ሆነው ቢያደርጉት ይቀላል። በባልደረቦች መካከል ያለ ቅያሜ ግን እያንዳንዱ ብቻውን የሚሸከመው ሸክም ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ገንዘባቸውን ያኖሩበትን ይረሱና «ይህች ልጅ ሰረቀችኝ» ይላሉ። ይህ የሕመሙ የታወቀ ጠባይ ነው። ባልደረቦቿ ይህን ዐውቀው ከጎኗ ቢቆሙ ልጅቱ ነገሩን ትችለዋለች። በጓዳ ቢንሾካሾኩባት፣ ኃላፊዋም በሰው ፊት ቢቆጣት ግን እንቅልፍ ታጣለች፤ ሥራውን ትጠላለች፤ በመጨረሻም ምሬቷ በእኚያው እናት ላይ በሻካራ እጅ ይገለጣል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን ሲገልጽ፣ በሥራ ቦታ ከቆየና መፍትሔ ካላገኘ ጭንቀት የሚመጣ ነው ብሏል። ምልክቶቹም የጉልበት መሟጠጥ፣ የልብ ከሥራው መራቅና የሥራ ፍሬ ማነስ ናቸው። እንግዲህ ከሥራ ቦታ የመጣውን በዚያው በሥራ ቦታ ልናቃናው ይገባል። «እምነትሽ ስለ ደከመ ነው» ማለት መልስ አይሆንም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ የመበለቶች የዕለት አገልግሎት ማጉረምረም ባስነሣ ጊዜ ሐዋርያት ያጉረመረሙትን ዝም አላሰኙም። ጉባኤውን ጠርተው 7 ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ ሥራውም ተከፈለ።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። ከባድ ሕመምተኛ ለብቻ አይነሣ። የሌሊቱ ፈረቃ ለቀኑ ሲያስረክብ፣ ማን እንዳልበላና ማን እንዳልተኛ ብቻ ሳይሆን፣ ሠራተኛው ራሱ እንዴት እንዳደረ ይጠየቅ። ተግሣጽ ለብቻ፣ ምስጋና በሰው ፊት ይሁን። ለዓመታት ያጠቡት አረጋዊ ሲሞት፣ አልጋው ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት ሠራተኞቹ እንደ ቤተ ሰብ ይዘኑ። ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ ከ2 ሳምንት በላይ ያልለቀቀው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሞትን የሚመኝ ካለ በዚያው ቀን አብረነው እንሂድ። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ምእመናን ሆይ፤ ለአረጋውያኑ ሳሙናና ልብስ ይዛችሁ ስትመጡ ሠራተኞቹንም በስማቸው ጥሯቸው፤ እንዴት ናችሁ ብላችሁ መልሳቸውን ቆማችሁ ስሙ። በበዓል ቀን ማዕድ በማቅረብ አግዙና ጥቂት አሳርፏቸው። የሠራተኛው ልብ ያረፈ እንደ ሆነ አረጋዊው በለሰለሰ እጅ ይታጠባል።

እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።