ሦስት ሰዎች የተረካከቡት ድልድይ



ሐርጌሳ ወንዝ መሐል ለመሐል የሰነጠቃት ከተማ ናት። የማሮዲ ጄህ አሸዋ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይከርማል። ዝናብ የጣለ ዕለት ግን ጎርፉ በድንገት ይደርስና ወዲህ ማዶ ያለውን ሰው ከወዲያ ማዶው ይለያየዋል። በዚህች ከተማ በሲቪል ምሕንድስና ለሚመረቁ ወጣቶች ድልድይ ሠርቶ ስሙን ያስጠራ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ቢነገራቸው ተገቢ ነው።

ጆን ሮብሊንግ በ1806 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን፣ ሙልሃውዘን ከተማ ተወለደ። በ1831 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በፔንሲልቬንያ ሳክሰንበርግ የተባለች መንደር ቆርቁሮ እርሻ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በዚያ አገር ጀልባዎችን በሐዲድ ላይ እየጎተተ ተራራ የሚያሻግር መስመር ነበር። የሚጎትታቸው የቃጫ ገመድ ቶሎ ያልቃል፤ ሲበጠስም ሰው ይገድላል። ጆን በ1841 ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሜዳ ላይ ሽቦ እየገመደ ቃጫውን የሚተካ ገመድ ሠራ። ኩባንያው የተወለደው ከዚያ ሜዳ ነው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ወደ ትሬንተን ከተማ ተዛወረ፤ በ1855 ደግሞ ጆን የኒያጋራን ገደል ባቡር የሚያሻግር ተንጠልጣይ ድልድይ ሠራ።

ትልቁ ሥራ ብሩክሊንን ከማንሃተን የሚያገናኘው ድልድይ ነበር። በ1869 ጆን የድልድዩን ቦታ ሲለካ ጀልባ እግሩን ጨፈለቀው፤ በሳምንታት ውስጥ በመንጋጋ ቆልፍ ሞተ። ሥራው ገና አልተጀመረም። ዕቅዱን የተረከበው ልጁ ዋሽንግተን 32 ዓመቱ ነበር።

የዋሽንግተን ፈተና የመሠረቱ ቁፋሮ ነበር። ካይሰን ከታች ክፍት የሆነ ግዙፍ የእንጨት ሣጥን ነው። ወንዙ ውስጥ ይሰምጣል፤ የታመቀ አየር ውሃውን ገፍቶ ያስወጣል፤ ሠራተኞች በውስጡ ሆነው ጭቃና ድንጋይ ይቆፍራሉ። የድንጋዩ ግንብ ከአናታቸው በላይ እየተገነባ በክብደቱ ሣጥኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ከታመቀ አየር በፍጥነት መውጣት ሰውነትን እንደሚጎዳ በዚያ ዘመን በቅጡ የተረዳ አልነበረም። ሰዎች ሽባ ሆኑ፤ የሞቱም ነበሩ። በማንሃተን በኩል ቁፋሮው 24 ሜትር ገደማ ሲደርስ ዋሽንግተን በ1872 አስቆመው፤ ግንቡም ከታች ያለው ዐለት ላይ ሳይደርስ በጠነከረው አሸዋ ላይ ቀረ። ጥቂት ሜትሮችን ከሰው ሕይወት ጋር አመዛዝኖ የወሰደው ይህ ውሳኔ የመሐንዲስነቱ ትልቁ ሥራ ነው።

እሱ ራሱ ግን በዚያው በሽታ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ድልድዩን የሚያየው ከቤቱ መስኮት በመነጽር ነበር።

ያን ጊዜ ሥራውን ያሻገረችው ሚስቱ ኤሚሊ ናት። ሒሳብ፣ የቁስ ጥንካሬና የኬብል አሠራር ተማረች። ከአሥር ዓመት በላይ የባሏን መመሪያ ወደ ሳይት አደረሰች፤ የሳይቱን ጥያቄ ወደ ቤት አመጣች፤ ለተቋራጮችና ለሹማምንት ስለ ሥራው ቆማ አስረዳች። በ1882 ዋሽንግተንን ከዋና መሐንዲስነት ለማንሣት የቦርዱ አባላት ድምፅ ሲሰጡ 10 ለ7 በሆነ ልዩነት ቦታው ጸናለት።

አሁን በተለይ ሳይት ላይ የምትቆሙ ተመራቂዎች ይህን ስሙ። ለኬብሎቹ ሽቦ ጨረታ ሲወጣ፣ የዋና መሐንዲሱ ቤተሰብ ፋብሪካ መወዳደሩ ጥያቄ አስነሣና ሥራው ሎይድ ሄይግ ለሚባል ነጋዴ ተሰጠ። ተቆጣጣሪዎች ሽቦውን ፋብሪካው ውስጥ ፈትሸው ያሳልፋሉ። ጋሪው ወደ ድልድዩ ሲሄድ ግን መንገድ ላይ ደህናው ሽቦ ይወርድና ውዳቂው ይጫናል፤ ደህናው ተመልሶ እንደ አዲስ ለፍተሻ ይቀርባል። በ1878 ነገሩ ሲታወቅ መጥፎው ሽቦ ኬብሉ ውስጥ ገብቶ አልቋል፤ ማውጣት አይቻልም። ድልድዩን ያዳነው የንድፉ ሒሳብ ነው፤ ኬብሎቹ ከሚፈለገው ስድስት እጥፍ እንዲጠነክሩ ታስበው ነበር። ዋሽንግተን እንደገና አሰላና ጥንካሬው ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ቢወርድም በቂ እንደሆነ አረጋገጠ። በእያንዳንዱ ኬብል ላይም በሄይግ ወጪ 150 ያህል ሽቦዎች አስጨመረ። ያ መጥፎ ሽቦ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ድልድዩ ሜይ 24 ቀን 1883 ተመረቀ፤ በሁለቱ ግንቦች መካከል ያለው ርዝመቱ 486 ሜትር ሲሆን፣ በዘመኑ ከዓለም ተንጠልጣይ ድልድዮች ረጅሙ ነበር።

እዚህም ፌሮና ሲሚንቶ በበርበራ ወደብ ገብቶ ሳይት እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል። ናሙና መውሰድ ያለባችሁ ኮንክሪቱ ውስጥ ከሚገባው ዕቃ ላይ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ታይቶ ያለፈው ብቻውን አይበቃም። ሪፖርት ላይ ስትፈርሙ ዕቃው በዓይናችሁ የታየ ይሁን።

ለሐርጌሳ ሰው የቤተሰብ ድርጅት ምን ያህል እንደሚጸና ማስረዳት አያስፈልግም። በ1970 በቡርዖ የተመሠረተው ዳሃብሺል በ1988ቱ ጦርነት ንብረቱን አጣ። መሥራቹ መሐመድ ሰዒድ ዱአሌ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው ሥራውን እንደገና ጀመሩ፤ ኋላም አመራሩን ልጃቸው ዐብዲረሺድ ተረከቡ። ያ ጦርነት ይህችን ከተማ በአውሮፕላን ደበደባት፤ ሕዝቧም ኢትዮጵያ ውስጥ በሐርታሼክ ድንኳኖች ተጠለለ። ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት ወላጆች መካከል ያን መንገድ በእግራቸው የሄዱ አሉ። ተመልሰው የሠሩትን ከተማ ነው ልጆቻቸው አሁን በሙያ የሚረከቡት።

የሮብሊንግ ኩባንያም ከአባት ወደ ልጆች፣ ከልጆችም ወደ ልጅ ልጆች ተላልፏል። በ1921 ኩባንያውን ይመራ የነበረው የወንድሙ ልጅ ሲሞት፣ ዋሽንግተን በ84 ዓመቱ ወደ ቢሮ ተመልሶ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1926 እስኪሞትም መራ። ኩባንያው በ1937 ለተከፈተው የጎልደን ጌት ድልድይ ኬብሎቹን ሠርቷል። በ1953 ለሌላ ድርጅት ተሸጦ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ።

ኤሚሊ ደግሞ ድልድዩ ካለቀ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች የሕግ ክፍል ተመረቀች። ዕድሜዋ 55 ነበር። ያን የሚያህል ሥራ ስታሻግር የምሕንድስና ዲግሪ አልነበራትም። በዛሬው አዳራሽም ቤት አቅንተው፣ ሱቅ ጠብቀው፣ ብድር ወስደው ልጅ ያስተማሩ፣ ራሳቸው ግን የመማር ዕድል ያላገኙ እናቶች ተቀምጠዋል። ተመራቂዎች፣ ከመድረኩ እንደወረዳችሁ ዲግሪውን መጀመሪያ እነሱ እጅ ላይ አድርጉት።

እንኳን ደስ አላችሁ፤ እናንት ወላጆችም እንኳን ደስ አላችሁ።