የጨዋታው ቤት ሲዘረፍ ዕዳው የማን ነው?

ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብኩት ልጆቻችን በቴሌቪዥንና በኮምፒውተር ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነው። «እኛ ትልልቆቹን ከልጆች ጨዋታ ጋር ምን ያገናኘናል?» እንዳትሉኝ። ጨዋታው የልጆቹ ቢሆንም ገንዘቡ የሚወጣው ከእናንተ የባንክ ሂሳብ ነውና ጉዳዩ የእናንተ ነው።

በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነቴ ከማውቃቸው ቤተሰቦች አንዲት እናት አንድ ቀን ከባንክ የተላከ ወረቀት ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። ከመርከዝ ክሊታ ወጥተው ቤት ከተከራዩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። የቤት ኪራያቸው በየወሩ ከባንክ በራሱ በሚከፈለው፣ «ሆራአት ኬቫ» በምንለው መንገድ ነበር የሚከፈለው። ያን ወር ግን ሂሳባቸው ሚኑስ ገብቶ ኪራዩ ሳይከፈል ተመለሰ። አከራዩ ተቆጣ፤ ባንኩም ለተመለሰው ክፍያ ቅጣት ጨመረባቸው። ወረቀቱን ሳነበው ገንዘቡ የወጣው በካርቲስ አሽራይ ለጨዋታ መግዣ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ሸቀል፣ ቀጥሎ ብዙ፣ ከዚያም ደጋግሞ ብዙ።

እናትየው «ልጄ ነው የሰረቀኝ» አሉኝና አለቀሱ። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ጊዜ በእናቱ ፈቃድ በዚያ ካርድ ጨዋታ ገዝቶ ነበር። ስለዚህ ማንንም አልጠረጠሩም። መጫወቻውን ነጥቀው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ከዘጠኝ ቀንም በላይ አላነጋገሩትም። ልጁም «እኔ አይደለሁም» ብሎ ሲምል የሚያምነው ስላጣ ትምህርት ቤት መሄዱን ተወ። ወደ እኔ ያመጣቸው ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነገር ነበር።

የዚህን ቤተሰብ ጉዳይ ለጊዜው ላቆየውና ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ የጨዋታ ኩባንያ ሲዘረፍ ምን እንደሚሆን በአንድ የታወቀ ታሪክ ላስረዳችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፕሌይስቴሽን የሚባለውን መጫወቻ ይሠራል። ተጫዋቾች በኢንተርኔት እየተገናኙ እንዲጫወቱና ጨዋታ እንዲገዙ ሲያደርግ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ ኢሜይልና የይለፍ ቃል በአንድ ትልቅ መዝገብ ያኖራል። በ2011 በኤፕሪል ወር ከ17 እስከ 19 ባሉት ቀናት ሌቦች በኮምፒውተር በኩል ወደዚያ መዝገብ ገቡ። ኩባንያው በ20 አገልግሎቱን ዘጋ፤ የሰዎች መረጃ መሰረቁን ለሕዝብ የተናገረው ግን በ26 ነው። በዚያ መዝገብ የነበረው ወደ 77 ሚሊዮን ሂሳብ ነው። ስለ ካርዶች ቁጥር ኩባንያው «መወሰዳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም፤ አልተወሰዱም ለማለትም አልችልም» የሚል መልስ ሰጠ። በሜይ መጀመሪያ ደግሞ በሌላው የጨዋታ ክፍሉ 24.6 ሚሊዮን ያህል ሂሳቦች እንደተነኩ አስታወቀ። ከዚያ ውስጥ በአውስትሪያ፣ በጀርመን፣ በሆላንድና በስፔን ያሉ 10,700 ያህል ደንበኞች የባንክ ክፍያ መዝገብ ይገኝበታል። ይህም የተቀመጠው ከ2007 ጀምሮ በቆየ አሮጌ መዝገብ ውስጥ ነበር። ያልተጠቀሙበትና የረሱት ሂሳብም ሊሰረቅ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ ኪሣራውን ማን ከፈለ? ኩባንያው በዚያው ዓመት በሜይ ወር ወጪውን 14 ቢሊዮን የን፣ ማለትም 171 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብሎ ገመተ። አገልግሎቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር። መዝገቡን ማጠናከር፣ ደንበኞችን ማረጋጋት፣ ጠበቃና ባለሙያ መቅጠር ነበረበት። ኢንሹራንስ አለኝ ቢልም፣ ዙሪክ የተባለው የኢንሹራንስ ድርጅት «ይህ በውሉ ውስጥ የለም» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2014 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ምሥጢሩን ያወጡት ሌቦቹ እንጂ ሶኒ ራሱ ስላልሆነ ውሉ አይሸፍነውም ብሎ ፈረደ፤ በ2015 ጉዳዩን በስምምነት ዘጉት። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በ2013 የሩብ ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣለበት። ምክንያቱም ፕሮግራሙ በጊዜው ቢታደስ ኖሮ ዝርፊያው ሊከለከል ይችል ነበር የሚል ነው።

171 ሚሊዮን ዶላር ብዙ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ለ77 ሚሊዮን ሂሳብ ስታካፍሉት ለአንዱ ከ2 ዶላር እምብዛም አያልፍም። ደንበኛውስ ምን አገኘ? አገልግሎቱ ሲከፈት ሁለት ነጻ ጨዋታና የአንድ ወር ነጻ አገልግሎት ተሰጠው። በአሜሪካ ተጠቃሚዎቹ በኅብረት ከሰው በ2014 እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ተስማሙ። ከዚያም ብዙው የሚሰጠው በጨዋታ መልክ ነበር። በስሜ ተነግዶብኛል ብሎ በሰነድ ያስረዳ ሰው ግን እስከ 2,500 ዶላር መጠየቅ ይችል ነበር። «በሰነድ ያስረዳ» የሚለውን ቃል አስተውሉልኝ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ካሣ ለመጠየቅ የቻለው ወረቀቱን ያልጣለ ሰው ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በዚህ በእስራኤል በ2006 የሕዝብ መዝገብ ቅጂ፣ የቴኡዳት ዜሁት ቁጥርና የቤተሰብ ዝርዝር ያለበት፣ ወደ 9 ሚሊዮን ሰው ስም የያዘ ተሰርቋል። ሰርቆታል ተብሎ የተከሰሰው በማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር በውል ይሠራ የነበረ ሰው ነው። የተያዙት ሰዎች ነገር ለሕዝብ የተነገረው በ2011 ነው። እኔ በዚሁ የሥራ መስክ ያለሁ ስለሆንኩ ይህን ስነግራችሁ አፍራለሁ፤ ልደብቃችሁ ግን አልችልም። በጃንዋሪ 2012 ደግሞ የብዙ ሺህ እስራኤላውያን የካርድ ቁጥር በኢንተርኔት ተበትኖ የካርድ ኩባንያዎቹ ካርዶቹን መሰረዝ ግድ ሆነባቸው።

አሁን ወደዚያች እናት ልመለስ። ወረቀቱን ከእርሳቸውና ከልጁ ጋር ሆነን መስመር በመስመር አነበብነው። ከወጪዎቹ ሁለቱ የተደረጉት በሰንበት ነው። በዚያ ሰንበት ልጁ ከአያቱ ዘንድ ነበር፤ መጫወቻው ደግሞ እቤት ተዘግቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ትንሹ ወጪም የሌባ መሞከሪያ ነው። ሌባው ካርዱ መሥራቱን በጥቂት ገንዘብ ይፈትናል፤ ማንም ካልጮኸበት ብዙውን ይወስዳል። የልጁን ኢሜይል ስንከፍት ኩባንያው ከሦስት ሳምንት በፊት «መረጃችሁ ተሰርቋል፤ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ» ብሎ በዕብራይስጥ ጽፎ አገኘን። ልጁ ማስታወቂያ መስሎት አልፎታል። ለኢሜይሉም ለጨዋታውም የሚጠቀመው በአንድ የይለፍ ቃል ነበር።

የቤታችን ችግር እዚህ ላይ ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ የመንግሥትን ደብዳቤ ለአባቴ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ ያልገባኝን ቃል እየዘለልኩ። ዛሬም ዕብራይስጥ ስለሚችል ብቻ ካርዱን፣ ደብዳቤውንና የይለፍ ቃሉን ለልጅ እንተዋለን። ነገር ሲበላሽ ደግሞ ጥፋቱን በእርሱ ላይ እናደርጋለን። ይህ ለልጅ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም ነው።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የሚከተለውን አድርጉ።

አንደኛ፣ የባንክና የካርድ ወረቀታችሁን በየወሩ አንብቡ፤ ማንበብ ካቃታችሁ የሚያምኑትን አዋቂ ሰው ያዙ፣ ወይም ወደ እኛ ኑ። ትንሽ ናት ብላችሁ የማታውቋትን ወጪ አትለፉ። ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይላሉ አባቶቻችን።

ሁለተኛ፣ የማታውቁት ወጪ ካያችሁ በዚያው ቀን ለካርድ ኩባንያው ደውላችሁ ካርዱን አሰርዙ። በ2019 የወጣው የክፍያ አገልግሎት ሕግ ካርዱን ሌላ ሰው ያላግባብ ሲጠቀምበት በደንበኛው ላይ የሚወድቀውን ኪሣራ ይወስናል። ካስታወቃችሁ በኋላ የሚወጣው፣ እናንተ ራሳችሁ ካላታለላችሁ በቀር፣ በእናንተ ላይ አይሆንም። ብትዘገዩ ግን ድርሻችሁ ይጨምራል። ካርዱን በእጃችሁ ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ከሆነም ይህ ጥበቃ ሊቀርባችሁ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የደወላችሁበትን ቀን፣ ሰዓትና ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስም ጻፉ፤ በአማርኛም ቢሆን ይጠቅማል። ለፖሊስ ካመለከታችሁ የማመልከቻውን ቅጂ አስቀምጡ።

አራተኛ፣ ካርዳችሁን በልጁ መጫወቻ ውስጥ ተቀምጦ እንዲቀር አታድርጉ። ለልጁ ጨዋታ መግዛት ከፈለጋችሁ በሱቅ የሚሸጠውን የተወሰነ ገንዘብ ያለበት የስጦታ ካርድ ግዙለት። ቢሰረቅም የሚጠፋው በእርሱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ለኢሜይል፣ ለባንክና ለጨዋታ የተለያየ የይለፍ ቃል ይኑራችሁ። አንድ ቁልፍ ለቤትም ለጎተራም ለበረትም ከሆነ ሌባው አንዱን ሲያገኝ ሁሉንም አገኘ ማለት ነው።

ስድስተኛ፣ ከዝርፊያ በኋላ «ከባንክ ነን፤ ገንዘባችሁን እንመልስላችሁ፤ የካርዱን ቁጥር ንገሩን» የሚል ስልክ ወይም መልእክት ሊመጣ ይችላል። እንዲህ የሚደውለው አብዛኛውን ጊዜ ሌባው ራሱ ነው። ስልኩን ዝጉና በካርዱ ጀርባ በተጻፈው ቁጥር እናንተ ደውሉ። በኮምፒውተርና በስልክ ስለሚደረግ ዝርፊያ በ119 የመንግሥቱን የሳይበር መሥሪያ ቤት ማማከርም ይቻላል።

እናትየው የካርድ ኩባንያውን አነጋገሩ፤ ቅጹን ሞልተን ላክን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተወሰደው ገንዘብ ተመለሰላቸው። ባንኩ የጣለው ቅጣት ግን በራሱ አልተመለሰም። ሄደው «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ብለው ማስረጃቸውን አሳይተው ጠየቁ፤ ያን ጊዜ ተነሣላቸው። ያልጠየቀ ሰው ይህን አያገኝምና መጠየቅን አትፈሩ፣ አትፈሩትም።

የልጁ ነገር ግን በቅጽ የሚመለስ አልነበረም። በአገራችን ልማድ ትልቅ ሰው ታናሹን ይቅርታ አይጠይቅም። እኒህ እናት ግን በእኔ ፊት ልጃቸውን «በሐሰት ጠርጥሬሃለሁ፤ ማረኝ» አሉት። ልጁ መልስ አልሰጠም፤ ብዙ ጊዜ አቀርቅሮ ቆየ። በማግስቱ ግን ትምህርት ቤት መሄዱን ደውለው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የባንኩ ወረቀት ሲመጣ ሁለቱም አብረው ተቀምጠው ያነባሉ። እርሱ ቃሉን ይነግራቸዋል፤ እርሳቸው ሂሳቡን ያሰላሉ።

ውድ አድማጮች፣ ገንዘብ ሲጠፋ በመጀመሪያ ወረቀቱን መርምሩ፤ ልጃችሁን ከመክሰሳችሁ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን አስተያዩ። ጥያቄ ያላችሁ በየአካባቢያችሁ ወዳለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ሂዱ። በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።