በአነጣጠፉ ጉድለት የደረሰበትን የእብነ በረድ ሞዛይክ ወለል ስለ ማደስ



ከሕንፃ ክፍሎች ሁሉ የሰው አካል ዘወትር የሚነካው ወለልን ነው። ግድግዳን ሰው ያየዋል፤ በጣራ ሥር ይጠለላል፤ ወለልን ግን በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ስለዚህም የወለል ጉድለት ከዓይን አስቀድሞ በእግር ይታወቃል። የዛሬው ንግግር ርእስ ከትናንሽ የእብነ በረድ ቁራጮች የተሠራ የሞዛይክ ወለል በአነጣጠፉ ሲበላሽ እንዴት ሊታደስ እንደሚችል ማስረዳት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን የመሐንዲሱ፣ የግንበኛውና የባለቤቱ ኃላፊነት በአንድ ጠባብ ወለል ላይ እንዴት እንደሚገናኝ የሚያሳይ በመሆኑ በዚህ ጉባኤ ፊት ሊነሣ የሚገባው ነው።

የሞዛይክ ሥራ ጥንታዊ ጥበብ ነው። ሮማዊው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪዩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ምዕተ ዓመት በጻፈው ድርሰቱ፣ በሰባተኛው መጽሐፍ፣ ወለል ከሥር ጀምሮ በንብርብር እንዲሠራ፣ ንብርብሩም በሚገባ እንዲደቆስ፣ ንጣፉ በልክ ከተነጠፈ በኋላ አንድም ጠርዝ ብቅ እንዳይል ተፍቆ እንዲስተካከል ያዝዛል። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶውም መሣሪያውም ተለውጧል፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። የሚታየው ንጣፍ ምንጊዜም የማይታየውን መደብ ይመስላል።

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ የደረሰ አንድ ሁኔታ ይጠቀሳል። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ለብዙ ጊዜ ባጠራቀሙት ገንዘብ በቤታቸው ፎቅ ላይ ያለውን መታጠቢያ ቤት አሳደሱ። ወለሉ 6 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 30 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆኑ መረቦች ላይ የተለጠፉ ነጭ የእብነ በረድ ቁራጮች ተነጠፉበት። ዓመት ሳይሞላ የቁራጮቹ ጠርዝ እግር ይቧጥጥ ጀመር፤ አንዳንዶቹም ተነቀሉ፤ የነጩ ድንጋይ መልክ ዳመነ፤ ከሥር ባለው ክፍል ኮርኒስ ላይም የእርጥበት ምልክት ታየ።

ባለቤቷ ሁለት ዓይነት ምክር ተሰጣቸው። አንዱ ባለሙያ «ሁሉም ይፍረስ» አላቸው፤ ይህም የቀራቸውን ገንዘብ ሁሉ የሚጨርስ ነበር። ሌላው «በአሲድ ይታጠብና በመኪና ይፈግፈግ» አላቸው፤ ይህም በዋጋው ርካሽ ቢሆንም ድንጋዩን የሚያጠፋ ነበር። እብነ በረድ በመሠረቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነውና አሲድ ሲነካው ይፈላል፤ ይበላልም። የሎሚ ጭማቂና ኮምጣጤ እንኳ ወዙን ይወስዱታል። መምህርቷ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጣቸው በፊት የቤቱን ንድፍ ያዘጋጀውን መሐንዲስ አስጠሩ።

መሐንዲሱ አስቀድሞ ያደረገው ነገር ቢኖር ፍርድን ማዘግየት ነው። የውኃ ቧንቧዎቹ በግፊት ተፈትነው እንደማያፈሱ ተረጋገጠ። ቀጥሎም ወለሉን በትንሽ መዶሻ እጀታ ቁራጭ በቁራጭ አንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ በሰጠው ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረገ። በመጨረሻም ቀጥ ያለ ማስተካከያና ውኃ ልክ አስቀምጦ ለካ፤ ውኃም አፍስሶ መንገዱን ተመለከተ። በሻወሩ አካባቢ ውኃው ወደ መውረጃው ሳይሆን ወደ ግድግዳው ጥግ ይሄድ ነበር። በቀሪው ክፍል ግን መደቡ ጽኑ ሆኖ ተገኘ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው ዘጠኝ ቦታ ብቻ ነበር።

የተነቀሉት ቁራጮች ጀርባ ሲታይ ምክንያቱ ተገለጠ። ማጣበቂያው በጥርሳም መቀቢያ ከተሰመረ በኋላ መስመሮቹ አልተደፈጠጡም፤ ስለዚህ ድንጋዩ ማጣበቂያውን የነካው በአንዳንድ ነጥቦች ብቻ ነው። በአሜሪካ የንጣፍ ሥራ ደረጃ መሠረት እርጥብ ቦታ ላይና ከተፈጥሮ ድንጋይ ሥር ማጣበቂያው ከድንጋዩ ጀርባ ቢያንስ 95 በመቶውን መሸፈን አለበት። ከዚህም በላይ ማጣበቂያው ግራጫ ነበር፤ ነጭ እብነ በረድ ብርሃን በመጠኑ ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለው ግራጫ ቀለም ላይ ታየ።

ከዚህ ምርመራ የተነሣ ሥራው በሁለት ተከፈለ። የሻወሩ ክፍል፣ 1.5 ካሬ ሜትር ያህል፣ እስከ መደቡ ድረስ እንዲነሣ ተወሰነ፤ የተዳፋትን ስሕተት ከላይ በመፈግፈግ ማረም አይቻልምና። አዲሱ መደብ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው እንዲያዘነብል ተደረገ። ውኃ መከላከያ ሽፋኑ ወደ ግድግዳው ከፍ ብሎ ተቀባ፤ ሻወሩም ከቀሪው ወለል በዝቅተኛ ጠርዝ ተለየ። ንጣፉ ከመጀመሩ በፊት መውረጃው ተደፍኖ ውኃ ለ24 ሰዓት ታቆረበት፤ በሥር ያለው ኮርኒስ እንደ ደረቀ ስለቀረ ሥራው ቀጠለ።

በቀሪው ክፍል የሚነሡት ቁራጮች ብቻ ተነሡ። በዙሪያቸው ያለው ቦያካ አስቀድሞ በጥንቃቄ ተፋቀ፤ ቁራጩም ጎረቤቱን እንዳይሰብር ከመካከል ወደ ዳር በቀጭን መሮ ተነቀለ። የቆየው ማጣበቂያ እስከ መደቡ ከጸዳ በኋላ ነጭ ማጣበቂያ ተሞልቶ አዲሱ ቁራጭ በጠፍጣፋ ጣውላ እየተመታ ከጎረቤቶቹ ጋር ተስተካከለ። ለጠባብ መጋጠሚያ አሸዋ የሌለበት ቦያካ ተመረጠ፤ አሸዋ ድንጋዩን ይፍቃልና። ወለሉ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መሥመር ግን ቦያካ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሲልከን ተደረገበት።

ቦያካው ከጠነከረ በኋላ የቀረው የጠርዝ መበላለጥ በአልማዝ ዲስክ፣ በውኃ እየራሰ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው በቅደም ተከተል ተፈገፈገ። ሥራው በ400 ቁጥር ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ ቢቀጥል ወለሉ እንደ መስተዋት ባበራ ነበር፤ ነገር ግን እርጥብ መስተዋት ለአንዲት አረጋዊት እግር አደጋ ነው። በመጨረሻም ድንጋዩ ውስጥ የሚሰርግ መከላከያ ተቀባ። ይህ ግን እድፍ ቶሎ እንዳይገባ የሚያዘገይ እንጂ የውኃ መከላከያውን ሽፋን የሚተካ አይደለም። በሉሆቹ መካከል የነበረው የመሥመር ልዩነት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ የቦያካው ቀለም ከድንጋዩ ጋር በመመሳሰሉ ግን ለዓይን ቀለለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሥራው ሊጀመር ሲል መምህርቷ ግንበኛውን ለመክሰስ አስበው ነበር። ግንበኛው ተጠርቶ መጣ። «ጋሼ፣ በሁለት ቀን ጨርስ ተባልኩ፤ ውኃው በየት በኩል ይውረድ ብዬ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ» አለ። መሐንዲሱ ንድፉን ዘርግቶ ተመለከተ። በመታጠቢያ ቤቱ ላይ «የእብነ በረድ ሞዛይክ ይነጠፋል» ከሚል ቃል በቀር የተዳፋት ልክ፣ የመውረጃ ከፍታ፣ የውኃ መከላከያ ዝርዝር አልነበረበትም። ከሥሩ ያለው ፊርማ የራሱ ነበር።

መሐንዲሱ ይህን ከባለቤቷ አልሸሸገም። «እትዬ፣ የማጣበቂያው ጥፋት የእሱ ነው፤ የተዳፋቱ ግን የእኔ ነው» አላቸው። የሻወሩን ክፍል ወጪ ራሱ ሸፈነ፤ ግንበኛውም የቀረውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሠራ። መምህርቷም ክሱን ተዉት።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለግንበኛ ብቻ የተነገረ አይደለም። በወረቀት ላይ በአንድ መሥመር ሊጻፍ የሚችል ልክ ሲዘለል፣ በወለል ላይ በመሮ ይፈለጋል። የንድፍ ሥራ ያለባችሁ ባልደረቦች ሁሉ ለእያንዳንዱ እርጥብ ክፍል የተዳፋቱን ልክ፣ የውኃ መከላከያውን ዓይነትና የማጣበቂያውን ቀለም በንድፉ ላይ እንድትጽፉ፣ ንጣፉ ከመጀመሩ በፊትም የውኃውን ፈተና በቦታው ተገኝታችሁ እንድትመለከቱ አደራ ይባላል።