የፕሌይስቴሽን ቤቱ ተራ

ሴት አቅራቢ፦ ወንድሜ፣ ትናንት ጎንደር ፒያሳ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ገባሁ። የጆይስቲኩ ምልክቶች ከመነካካት ብዛት ጠፍተዋል፤ ልጆቹ ግን ተራ ይጠብቃሉ። አዲስ ማሽን መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ምንድን ነው?

ወንድ አቅራቢ፦ ከሁሉ በላይ ቺፕ ነው፣ እህቴ። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን እ.ኤ.አ. በ2000፣ 3ን በ2006፣ 4ን በ2013፣ 5ን በ2020 አወጣ። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ቺፕ በሚቀመስ ዋጋ እስኪገኝ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። ኩባንያውም ዋናውን ትርፍ የሚሰበስበው ከጌም ሽያጭ ስለሆነ አይቸኩልም።

ሴት አቅራቢ፦ የእኛው ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ግን የሚጠብቀው ያገለገለው ማሽን እስኪረክስ ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ እውነትሽን ነው። ፕሌይስቴሽን 2 እኮ ተተኪው ከወጣ በኋላም እስከ እ.ኤ.አ. 2012 መጨረሻ ይመረት ነበር። አምራቾች ሆይ፣ አሮጌውን ቶሎ አትጣሉብን!