ማን ጎደለ?
የአጥቢያ ወጣቶች አገልግሎት ማኅበረሰብን ስለሚያንጽበት መንገድ

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋይ ካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ ጉባኤ ስለ ወጣቶች አገልግሎት እንድናገር ታዝዣለሁ። ስለ ወጣቶች ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው በቍጥር ነው። ስንት ተመዘገቡ፣ ለስንቱ የመዝሙር ልብስ ተሟላ፣ በጥምቀት ስንቱ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ አነጠፈ እያልን እንቈጥራለን። እኔም ሥራዬ ሪፖርት መጻፍ ስለሆነ ይህን ቍጥር እወደዋለሁ። ዛሬ ግን በሪፖርታችን ላይ ቦታ ስለሌለው ስለ ሌላ ቍጥር፣ ስለ ጎደሉት ቍጥር፣ ልናገር እወዳለሁ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 የተጻፈውን የአውጤኪስን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ ሲያስተምር ትምህርቱ እስከ እኩለ ሌሊት ረዘመ። አውጤኪስ የተባለው ወጣት በመስኮት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እንቅልፍ አሸነፈውና ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ታች ወደቀ። ልብ እንበል፤ ወጣቱ ከጉባኤው አልቀረም፣ ትምህርቱንም አልናቀም። የተቀመጠው ግን በመስኮቱ ላይ፣ ግማሽ አካሉ በውስጥ ግማሹ በውጭ ሆኖ ነበር። ብዙዎቹ ወጣቶቻችን ዛሬ የተቀመጡት እዚያው ነው። ሐዋርያው ምን አደረገ? ለምን ተኛህ ብሎ ከላይ ሆኖ አልገሠጸም። ትምህርቱን አቋርጦ ወረደ፤ አቀፈውም። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ኅብስቱን ቈረሰ፣ ትምህርቱንም እስከ ንጋት ቀጠለ። ትምህርቱ የቀጠለው መምህሩ ከወረደ በኋላ ነው። የዛሬው መልእክቴ በሙሉ ከዚህ አያልፍም፦ የወጣቶች አገልግሎት ማኅበረሰብን የሚያንጸው የጎደለውን የሚያይና ወደ እርሱ የሚወርድ ሲኖረው ነው።

ይህን የተማርኩት በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሳይሆን በራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በወሎ በኩል ወደምትገኝ አንዲት የገጠር አጥቢያ ለመርሐ ግብር ክትትል ሄጄ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መዝገቡን አቀረበልኝ፤ ስድሳ ያህል ስም ነበረበት። ቍጥሩን ወደ ቅጼ ገለበጥኩና ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በዐፀደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ይጠብቁኝ ነበር።

“ልጄ፣ የልጆቹን ስም ስትጽፍ የእኔንም ልጅ ጻፍከው?” አሉኝ። ስሙን ነገሩኝ። መዝገቡ ላይ መኖሩን አስታውሼ “አዎን እናቴ፣ ተጽፏል” አልኳቸው።

“እሱ እኮ ከሄደ አራት ወሩ ነው” አሉኝ።

ልጁ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሯል። እናቱ ገንዘብ አልለመኑኝም፤ መንግሥትንም ደላላንም አልወቀሱም። ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “የመዝሙር ልብሱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ልብሱን ሊወስድ እንኳ የመጣ ሰው የለም።”

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ንግግር ከጆሮዬ አልጠፋም። አራት ወር ሙሉ በየእሑዱ መዝሙር ተዘምሯል፣ ጉባኤ ተደርጓል፣ የልጁም ስም በመዝገቡ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ የሄደውን ልጅ እንዳለ አድርጌ ቈጠርኩት። ኋላ በሕይወት መኖሩ ተሰምቷል፤ እስካሁን ግን አልተመለሰም።

ክቡራን አባቶች፤ ይህን የምለው መሄድ ኃጢአት ነው ለማለት አይደለም። ወጣቱ የሚሄደው የሚያርሰው መሬት ስላነሰው፣ ተምሮ ሥራ ስላጣ፣ የቤተሰቡ ችግር ስለከበደው ነው። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መሬት ማደል አትችልም፤ ለሁሉም ሥራ መስጠትም አትችልም። ኮሚሽናችንም በፕሮጀክት ሁሉንም አያዳርስም። ነገር ግን አንድ ልጅ ለመሄድ ሲያስብ የሚያማክረው ሰው እንዲያገኝ፣ ከሄደም እናቱ ብቻዋን እንዳትቀር ማድረግ እንችላለን። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት ሳይሆን አሠራር ነው።

ያች አጥቢያ ያደረገችውን ልንገራችሁ። አስተዳዳሪው ቄሰ ገበዙንና የሰንበት ትምህርት ቤቱን አመራር ጠርተው መዝገቡን ከፊት እስከ ኋላ በስም አስጠሩ። በእያንዳንዱ ስም ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠየቀ፦ “ይህ ልጅ አሁን የት ነው?” ከስድሳው ውስጥ ሃያ የሚጠጉት በአጥቢያው አልነበሩም ወይም ከመጡ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ግማሾቹ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ወርደዋል። አንዳንዶቹ ትዳር ይዘው ወደ ሌላ አጥቢያ ሄደዋል። አምስቱ ግን እዚያው መንደር ነበሩ፤ የቀሩት በአዳራሹ ቍልፍ ምክንያት ነበር።

የቍልፉን ነገር ስጠቅስ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል፤ በብዙ አጥቢያ ያለ ነገር ስለሆነ ነው። ቍልፉ በአንድ የኮሚቴ አባል እጅ ነበር። ወጣቶቹ ለልምምድ ሲመጡ እርሳቸው ገበያ ወይም እርሻ ላይ ይሆናሉ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይመለሳሉ፤ ሲደጋገም ቅር ተሰኙ፣ ቃል ተለዋወጡ፣ ቀሩ። አመጽ ነው ተባለ። ነገሩ ግን የተቆለፈ በር ብቻ ነበር።

አጥቢያዋ ከዚህ በኋላ ሦስት ነገር አደረገች። ሦስቱም አዲስ ግኝት አይደሉም፤ በእጃችን ካለው የተወሰዱ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ወጣቶቹን በየመንደራቸው ከስምንት እስከ ዐሥር አድርጎ መመደብ ነው። እያንዳንዱ ምድብ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አስተባባሪ አለው። ከምድቡ አንድ ሰው ሁለት እሑድ ከቀረ አስተባባሪዎቹ ቤቱ ይሄዳሉ፤ “ለምን ቀረህ?” ለማለት ሳይሆን “ደኅና ነህ ወይ?” ለማለት ነው። ከበድ ያለ ነገር ከገጠማቸው ለቤቱ የንስሐ አባት ይነግራሉ። የንስሐ አባት ሥርዓታችን እያንዳንዱን ቤት ከአንድ ካህን ጋር አስተሳስሮልናል። ሌላው ዓለም በብዙ ገንዘብ ሊያደራጀው የሚደክምበትን የቤት ለቤት ጉብኝት እኛ ከአባቶቻችን ወርሰነዋል፤ የጎደለው ወጣቱን ከዚያ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ወጣቶቹ ጽዋ እንዲጠጡና በደቦ እንዲሠሩ ነው። በወር አንድ ጊዜ በየተራ በአንዱ ቤት ጽዋ ይጠጣሉ፤ አንድ ዳቦና ጠላ ይበቃል፣ ድግስ ክልክል ነው። በዚያ ማእድ ላይ ልጆቹ በአዳራሽ የማይናገሩትን ይናገራሉ። ማን ከደላላ ጋር እንደተነጋገረ፣ ማን በፈተና መውደቁን ከቤተሰቡ እንደደበቀ የሚሰማው እዚያ ነው። ሰው የሚያጭድለት ያጣ ቤት ሲኖር ደግሞ ተሰባስበው ይወጣሉ። ኅዳር ላይ የእነዚያን እናት ጤፍ ያጨዱላቸው የልጃቸው ጓደኞች ናቸው። ይህ ልጃቸውን አልመለሰላቸውም። ነገር ግን እኒያ እናት ዛሬ የጽዋው ተረኛ ናቸው፤ የመዝሙር ልብሱንም በገዛ እጃቸው አጥበው ለሌላ ልጅ ሰጥተዋል።

ሦስተኛው፣ ቍልፉ ለወጣቶቹ ተሰጠ። ከቍልፉ ጋር የንብረት መዝገብ ተሰጣቸው፤ በየሦስት ወሩም ለሰበካ ጉባኤው ይቈጠራል። ትንሽ ገንዘብም ተመደበላቸው፤ ወጪው በሦስት ሰው ፊርማና በሕጋዊ ደረሰኝ ነው፤ ከፈራሚዎቹም አንዱ የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹም ነው። አንዳንድ አባቶች “ያባክኑታል” ብለው ሰግተው ነበር። ስጋቱን አልንቀውም፤ አመኔታ ያለ ቍጥጥር ፈተና ነው። ቍጥጥር ያለ አመኔታ ግን ልጆቻችንን ተመልካች ያደርጋቸዋል፤ ተመልካች ደግሞ ከመስኮቱ ላይ አይወርድም።

እዚህ ላይ ሕጋችንን ማስታወስ ይገባል። ኮሚሽናችን በ1964 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ሰበካ ጉባኤን ያደራጀው ቃለ ዓዋዲም በ1965 ዓ.ም. ታወጀ። ሁለቱም የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ፍሬዎች ናቸው። ቃለ ዓዋዲው ሰበካ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ አድርጎታል። እንግዲህ ወጣቱ በጉባኤያችን የሚቀመጠው በእኛ ቸርነት ሳይሆን በሕግ ነው። ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ የአንድ ዓመት ቃለ ጉባኤያችሁን ገልጡና የወጣቶች ተወካይ ስንት ጊዜ ሐሳብ እንደሰጠ ተመልከቱ። ስሙ በተገኙት ዝርዝር ላይ ብቻ ከሆነ፣ እርሱም በመስኮት ላይ ተቀምጧል።

ስለ ሴቶች ልጆቻችን ለብቻው ልናገር። በመዘምራን ሰልፍ ብዙዎቹ እነርሱ ናቸው፤ በአመራር ግን ከጸሐፊነትና ከመስተንግዶ ሲያልፉ ብዙ አናይም። ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱትም እነርሱ ናቸው። በብዙ አጥቢያ ጉባኤው የሚካሄደው ከሠርክ ጸሎት በኋላ ነው፤ ሲመሽ ወላጅ ልጁን ስለማይልክ ልጅቱ ሳትፈልግ ትቀራለች። ያች አጥቢያ ጉባኤውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አደረገችው፤ ምንም ወጪ አላስፈለገም። ሕፃናትና ወጣቶች በሚሰባሰቡበት ሁሉ ሁለት የታመኑ ዐዋቂዎች እንዲኖሩ፣ ቅሬታ ያለው ልጅም ለማን እንደሚናገር አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግም የሰበካ ጉባኤው ግዴታ ነው። ወላጅ ልጁን አምኖ የሚልከው ጥንቃቄያችንን ሲያይ ነው።

በመጨረሻም ስለሚመለሱት። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳውዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልቆመም። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ስለመጡ ያፍራሉ፤ ቤተሰብ ዕዳ አለበት፣ ጎረቤት ይጠይቃል። አንዳንድ ጊዜ እኛ በቅን ልቡና ተመላሹን በዐውደ ምሕረት አቁመን ለሌላው ማስተማሪያ እናደርገዋለን። እባካችሁ ይህን እንተው። የወደቀውን ወጣት ሐዋርያው አቀፈው እንጂ በጉባኤው ፊት ምሳሌ አላደረገውም። ተመላሹ መጀመሪያ የሚያስፈልገው በምድቡ ውስጥ የተጠበቀለት ቦታ ነው፤ የሚሠራው አገልግሎት ይሰጠው፣ ጽዋው ተራ ይድረሰው። መናገር ሲፈልግ ራሱ ይናገራል።

ካህናት አባቶቼ ያለባችሁን ድካም አውቃለሁ። ሌሊት በማኅሌት፣ ማለዳ በቅዳሴ፣ ቀን በፍትሐትና በእርሻ ትውላላችሁ፤ ደመወዛችሁም ለቤታችሁ አይበቃም። ተጨማሪ ሸክም ላስቀምጥባችሁ አልመጣሁም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ የመበለቶች መብል ሲጓደል ሐዋርያት ሁሉን በራሳቸው ልሥራ አላሉም፤ ሰባት ዲያቆናትን ሾመው ጸሎትንና ትምህርትን ያዙ። ያ ሹመት የመጣው ማን እንደጎደለ ስለታየ ነው። ወጣቶቻችንም ለዚህ ሥራ እጅ ይሆኑናል፤ ብቻ እንላካቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለምኜ ልጨርስ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤታችሁን መዝገብ አስመጡ። አስተዳዳሪው፣ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበርና የወጣቶቹ ተወካይ አብራችሁ ተቀመጡ። ስሞቹን አንድ በአንድ ጥሩና በእያንዳንዱ ላይ የት እንዳለ ጠይቁ። የጎደሉትን በሌላ ወረቀት ጻፉ፤ በአጠገቡም ማን ወደ ቤቱ እንደሚሄድና መቼ እንደሚሄድ ጻፉ። በወሩ መጨረሻ ያ ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ። እኔም ለክትትል ስመጣ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ያን ወረቀት ነው፤ ሌላው ቍጥር ከዚያ ይከተላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።