«ብላ ጠየቀችኝ»፦ የሌላውን ሰው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስለ ማስተላለፍ

(በአታት ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ)



የዛሬው ርእሴ ሁላችሁም በትምህርት ቤት ያለፋችሁበት ነው፤ ቀጥተኛ ጥያቄን በእንግሊዝኛ ወደ ኢ-ቀጥተኛ ንግግር መለወጥ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በፈተና ወረቀት ላይ ነጥብ ያስቀነሰን ሕግ ሆኖ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ከነጥብ ያለፈ መሆኑን ለማየት ከዚህ ከአታት ርቆ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ሆስፒታል አጠገባችን ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ እናት በጉራጊኛ ትጠይቃለች፤ ነርሷ በአማርኛ ታስተላልፋለች፤ የሕክምና መዝገቡ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። አንዲት ጥያቄ ሦስት ቋንቋ ትሻገራለች ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እናስብ። እናት ስለ ልጇ «መድኃኒቱን መቼ ልስጠው?» ብላ ትጠይቃለች። ነርሷ ይህን ለሐኪሙ ስታደርስ «መድኃኒቱን መቼ ልስጠው ብላ ጠየቀችኝ» ትላለች። ማንም ግራ አይጋባም፤ ሰጪዋ እናቲቱ ናት። አሁን ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል እናሻግረው፦ «ሺ አስክድ ሚ ዌን ሹድ አይ ጊቭ ሂም ዘ ሜድሲን»። በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው «አይ» የምትለው ጸሐፊዋ ነርስ ናት። መድኃኒቱን የመስጠት ኃላፊነት በአንዲት ተውላጠ ስም ምክንያት ከእናት ወደ ነርስ ተዛወረ። ትክክለኛው «ሺ አስክድ ሚ ዌን ሺ ሹድ ጊቭ ሂም ዘ ሜድሲን» ነው።

ይህ ስሕተት ከስንፍና የመጣ አይደለም። አማርኛ «ብሎ» እና «አለ» በሚሉት ቃላት የተናጋሪውን ንግግር ከነመደቡ ይዞ ይመጣል። «ጀግና ነኝ ይላል» ስንል ጀግናው እኔ ሳልሆን እርሱ ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ካፕላን የ«እኔ»ን ፍቺ ከተናጋሪው ነጥቆ ለሌላ ሰው የሚሰጥ የቋንቋ መሣሪያ «ጭራቅ» ነው፤ በእንግሊዝኛም የለም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ፊሊፕ ሽሌንከር ለእነዚህ «ጭራቆች» ጥብቅና በቆመበት ጽሑፉ ዋነኛ ምስክር አድርጎ ያቀረበው ይህንኑ የአማርኛ አነጋገር ነው። እንግዲህ ተማሪያችን «አይ» ብሎ ሲጽፍ የራሱን ቋንቋ ሕግ በታማኝነት እየጠበቀ ነው።

ደግነቱ አማርኛ ሁለተኛ መንገድም አለው። «መድኃኒቱን መቼ መስጠት እንዳለባት ጠየቀችኝ» ማለት እንችላለን። እዚህ ላይ መደቡ ተለውጧል፤ «እኔ» ወደ «እርሷ» ዞራለች። ስለዚህ ለመምህራን የማቀርበው ምክር ቀላል ነው፤ ተማሪው ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገሩ በፊት «ብሎ»ን በአማርኛ ወደ «እንደ» ይለውጥ። የተውላጠ ስሙ ሥራ እዚያው ያልቃል።

ይሁንና «እንደ» ሁሉን አይፈታም። አራት ነገሮች ይቀራሉ።

አንደኛው የቃላት ቅደም ተከተል ነው። «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» የሚለው ጥያቄ «ሂ አስክድ ሄር ዌር ሺ ሊቭድ» ይሆናል። ረዳት ግሱ «ዱ» ይወድቃል፤ ባለቤቱ ከግሱ ይቀድማል፤ ትእምርተ ጥያቄውም ይቀራል። በአማርኛ ግስ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ተማሪው ይህን ለውጥ ከቤቱ አያውቀውም።

ሁለተኛው «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ነው። «ልጆች እንዳሏት ነገረችው» እና «ልጆች እንዳሏት ጠየቃት» በአማርኛ አንድ ዓይነት «እንደ» ይዘዋል። እንግሊዝኛ ግን ለነገራው «ዛት»፣ ለጥያቄው «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይሻል፤ «ሂ አስክድ ሄር ኢፍ ሺ ሃድ ቺልድረን»። ተማሪዎች ከ«አስክድ» ቀጥለው «ዛት» የሚጽፉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። «የት እንደምትኖር ጠየቃት» ስንል «ትኖራለች» ወደ ኃላፊ ጊዜ አይሄድም። በእንግሊዝኛ ግን «ሊቭ» አብዛኛውን ጊዜ «ሊቭድ» ይሆናል፤ ነገሩ አሁንም እውነት ከሆነ ብቻ በነበረበት ሊቆይ ይችላል።

አራተኛው የቀን ቃል ነው። እናት «ነገ ልመለስ?» ብላ የጠየቀችው በመዝገብ ላይ «ቱሞሮው» ተብሎ ቢሰፍርና ከሦስት ቀን በኋላ ቢነበብ፣ የትኛው ነገ ነው? «ዘ ኔክስት ዴይ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ይህን ሕግ በሰንጠረዥ ብቻ ካስተማርነው ተማሪው ለፈተና ሸምድዶ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። «ልስጠው ያለችው ማን ናት?» ብለን ከጀመርን ግን ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ ራሱ ይደርስበታል። የሌላውን ሰው ጥያቄ ማድረስ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ የሚደርሰው የባለቤቱ ስም ሳይለወጥ ነው።