ዘበኛው የማነው?

(እንጅባራ ላይ ከነጋዴዎችና ከመምህራን ጋር በተደረገ ውይይት ከተሰማ ንግግር)

ወገኖቼ፣ ስለ አክሲዮን እንድናገር ስትጠሩኝ ባለቤቴ «አንተ ደግሞ በምን አፍህ!» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። በ2001 ዓ.ም. ዳንግላ ሳስተምር አንድ ከረባት ያሰረ ሰው መጥቶ፣ ስሙን የማልጠራውን «በምሥረታ ላይ ያለ» ኩባንያ አክሲዮን ሸጠልኝ። አምስት ሺህ ብር ከነአገልግሎት ክፍያው ቆጥሬ ሰጠሁት። ኩባንያው ሳይመሠረት ቀረ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ቢሮውን ብፈልግ ፀጉር ቤት ሆኖ አገኘሁት። ደረሰኙ ግን እስከ ዛሬ አለኝ፤ ማኅተሙ ያምራል።

ያኔ አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ ይህን ብቻ ሥራዬ ብሎ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ዛሬ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስብ ኩባንያ አስቀድሞ የሽያጭ መግለጫውን አቅርቦ ማስጸደቅ አለበት። ዕዳው ስንት ነው፣ ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል፣ ምን ሊያከስረው ይችላል፣ መሪዎቹ እነማን ናቸው፣ ይህን ሁሉ ይጽፋል። ልብ በሉ፣ መግለጫው ጸደቀ ማለት ኩባንያው ያተርፋል ማለት አይደለም። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. ከ1929ኙ የዎል ስትሪት ውድቀት በኋላ ሕግ ሲያወጡ ያዘዙት ኩባንያው ገበናውን እንዲገልጥ ነው፤ ፍርዱ የገዢው ነው።

እስከዚህ ደግ ነው። የሚቆረቁረኝ ወዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ ለሕዝብ አቀረበ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ገዢው ወደ 47 ሺህ ሰው ነው። ሻጩ መንግሥት ነው። በሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው ውስጥም መንግሥት ድርሻ አለው። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ደግሞ በአዋጁ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ላሚቱም የጌታው፣ ገበያውም የጌታው፣ ዘበኛውም የጌታው! ሠራተኞቹን አልከስም። ግን ዘበኛ አሳዳሪውን እንዴት ብሎ ይይዛል? ተጠሪነቱ ለፓርላማ ይሁን ብንል ምን ነውር አለው? (ፓርላማውስ የማነው ትሉኝ ይሆናል። እሱን ሌላ ቀን።)

እዚህ አዊ ደግሞ የዲከረንስ ከሰል ሸጦ ብር የያዘ ገበሬ ሞልቷል። ከረባት ያሰረው ሰው ነገ ፋግታ ድረስ መምጣቱ አይቀርም። መግለጫው የሚጸድቀው አዲስ አበባ ነው፣ ገንዘቡ የሚወጣው ከዚህ ነው። ባለሥልጣኑ ያጸደቀውን በአገውኛ አስተርጉሞ በየወረዳው ቢለጥፍ ምን ይጎዳዋል? እስከዚያው ሰውየው ሲመጣ የጸደቀውን መግለጫ አምጣ በሉት። «ኋላ ይደርሳል» ካላችሁ ብራችሁን አትቁጠሩለት። እኔ የቆጠርኩት ኋላ ይደርሳል ተብዬ ነው።